ቀጠሮ የተሰጠው ሮኬት

ሉሊትን የተውናት የያቤጽን መልእክት አንብባ ስልኳን ትራሷ ሥር እንደቀበረችው ነው። ከዚያ ወዲህ አላወጣችውም ቢባል ውሸት ነው። ሥራ ቦታ ለብሬክ በወጣች ቁጥር ታወጣዋለች፣ ታነበዋለች፣ ሌላ ቃል በቅሎበት እንደሆነ ታየዋለች። «የቤተሰብሽን ውሳኔ አከብራለሁ። ወደ ፍሎሪዳ ሄጃለሁ። መልካሙን ሁሉ እመኝልሻለሁ።» ይኸው ነው። የሚወዳት ሰው ጻፈው ቢባል ማን ያምናል? መብራት ልንቆርጥባችሁ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ እንኳ ከዚህ ይሞቃል።

ዛሬ ገና ለደረሰ እንግዳ ነገሩ እንዲህ ነው። ያቤጽ የሀብታሞቹ ሰፈር የሉዊስ ሴንተሩ የዶክተር ሰሎሞን ልጅ ነው። በእናቱ ጀርባ መጥቶ ኦሃዮ ያደገ፣ አማርኛውን ከቤት ያገኘ፣ ሮኬት እየሠራ ወደ ሰማይ ለሚልክ የግል ኩባንያ ኢንጂነር የሆነ ልጅ። ሉሊት በዲቪ ከአባት ከእናቷ ጋር መጥታ ኖርዝላንድ፣ ሞርስ ሮድ ዳር አፓርታማ ትኖራለች፤ ዌርሃውስ በሚሉት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ትነዳለች። ከሞርስ ሮድ ሉዊስ ሴንተር በመኪና ቅርብ ነው። በሰው አፍ ግን ባሕር ማዶ ነው።

የተዋወቁት በአንድ ሳጥን ነው። የሮኬት ሞተር ቫልቮች የያዘ ሳጥን ኮሎምበስ ዳር ካለ የብረት ሥራ ድርጅት ወጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ሊጫን እሷ ወደምትሠራበት ዌርሃውስ ገባ። ያቤጽ ተከትሎት መጣ። ከፎርክሊፍቷ ኋላ ኋላ እየሄደ «ፕሊስ፣ ቢ ኬርፉል» ይላል። ሉሊት ወደ ጓደኛዋ ወደ ቢታንያ ዞረችና በአማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ሳጥኑን ሊድር ነው መሰለኝ፤ እንባው ደርሷል» አለች።

«ገና ሚዜ አላገኘሁለትም» አለ ልጁ ከኋላዋ፣ በአማርኛ።

ቢታንያ እስክትታጠፍ ሳቀች። ሉሊት ግን ፊቷ እየነደደ ሳጥኑን ወስዳ አወረደችው። መሬት ሲነካ ድምፅ አልነበረውም። ያቤጽ እንዴት አድርጋ እንደቻለችበት ጠየቃት።

«ማንሳትማ ማንም ያነሳል» አለችው። «ማውረዱ ነው ሥራው።»

ይሄን ሲሰማ ሳቁ ጠፋ። የእነሱም ጭንቀት ማውረዱ መሆኑን እዚያው ቆሞ ነገራት። ሌላው ሮኬቱን አንዴ ይተኩሰዋል፤ የታችኛው ክፍል ባሕር ውስጥ ወድቆ ይቀራል። የእነሱ ኩባንያ ግን ሳተላይቱን ወደ ላይ ከላከ በኋላ ያ ትልቁ ክፍል ተመልሶ፣ ባሕር ላይ የቆመ መርከብ ላይ በእግሩ እንዲያርፍ ይፈልጋል። የመጀመሪያው መሬት ላይ ሳለ ተቃጠለ። ሁለተኛው ሰማይ ደርሶ ሲመለስ ሰጠመ። ያቤጽ «ሰጠመ» ሲል ዐይኑ ያበራል። ወንድ ልጅ ውድቀቱን እንዲህ በኩራት ሲያወራ ሉሊት አይታ አታውቅም፤ የምታውቃቸው ወንዶች መኪናቸው ጎማ ቢተነፍስ እንኳ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ያን ቀን ልቧ ሄደ፤ ጠርታም አልመለሰችው።

ከዓመት በኋላ ያቤጽ ሽማግሌ ላከ። ጋሼ የሱፍ ከፊት፣ ሁለት ሰዎች ከኋላ ሆነው መጡ። የሉሊት አባት ጋሼ ግርማቸው ነገሩን አዳመጡና፣ «የልጁ አባት ያውቃል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እንግዲህ እናስብበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ወግ ነው። ልጁን በመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚሰጥ አባት ልጁ የሰለቸችው ብቻ ነው። እናቷ እትዬ ጽጌረዳም፣ «ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ወንድ ጋ አትደውልም፤ እስከ ቀጠሮው አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት። አረፈች። በማግስቱ ያ መልእክት መጣ።

ሉሊት ለወላጆቿ አላሳየችም። የሉዊስ ሴንተር ቤት አሸነፈ ብላ አሰበች፤ ፎርክሊፍት ነጂ ምራት አንፈልግም ብለውት ተስማማ። እሁድ ግን ነገ ነው። አባቷ ወንበር ተውሰዋል። እናቷ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጥበዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ካልመጣ ጋሼ ግርማቸው የተናቀ ሰው ናቸው፤ የተናቀ ሰው ደግሞ ለዚያ ቤተሰብ ለዘላለም በሩን አይከፍትም። እሷ ይሄን ሁሉ እያወቀች ዝም ብላ ወንበር ትወለውላለች። እንደዚያ ያለ ብቸኝነት ጠላትም አይድረሰው።

*

ቅዳሜ እናቷ ለነገ እንግዶች ሳምቡሳ አምጪ ብለው ወደ እትዬ ዙልፋ ምግብ ቤት ላኳት። እትዬ ዙልፋ የጋሼ የሱፍ ሚስት ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ እጃቸውም አፋቸውም ቅመም ያለበት። ከሌላ ጊዜ ይልቅ ቤቱ ሞልቷል። ሁልጊዜ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን ዛሬ ሮኬት ያሳያል። «የኛ ልጅ የሠራው» ይባባላሉ፣ ያቤጽን በዐይኑ አይቶት የማያውቀው ሁሉ።

ሮኬቱ ፍሎሪዳ፣ ባሕር ዳር ቆሟል። ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፤ በብርድ ጠዋት እንደቆመ ፈረስ ከጎኑ እንፋሎት ይተነፍሳል። ሉሊት ላለማየት መሬት መሬት እያየች ወደ ባንኮኒው ሄደች። አልሆነላትም። አየችው። አምሯል። ሰው ተከድቶም ቢሆን ያማረ ነገር ማየት አይቀርለትም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ብላችሁት ነው?» አሉ እትዬ ዙልፋ ሳምቡሳውን እየቆጠሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማንን?»

«ማንን ትለኛለች። ልጁን ነዋ። የሱፍ ጋ ደውሎ ‘እምቢ ካሉ አናስቸግራቸው፣ እሁድ አትሂዱ’ አለው። የሱፍም አባቱ ከልክሎት ሰበብ ፈለገ ብሎ አዘነና ተወው። ላኪ የሌለውን ሽምግልና ማን ይሄዳል? ታዲያ ሳምቡሳው ለማን ነው?»

ሉሊት ባንኮኒውን ያዘች። «ማነው እምቢ ያለው?»

«አባትሽ አይደሉም?»

«አባዬ ተመለሱ ነው ያሉት።»

እትዬ ዙልፋ መቁጠሩን ተዉት። «ወላሂ፣ ይሄ የፈረንጅ ልጅ» አሉ። «ቀጠሮ ሲሰጡት ተባረርኩ ብሎ ሄደ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የመተኮሻው ሰዓት ቁጥር እየወረደ ነው። ታክሲ የሚነዳው ዳጊ ብቻ፣ «እኔ ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ሾርት ኖርዝ ሳልደርስ እነዚህ ሰማይ ይደርሳሉ» ብሎ አጉረመረመ፤ ዝም በል አሉት። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ እፍኝ ሲቀረው ቆመ። ሮኬቱ አልተነቃነቀም።

«በቃ፣ ከሸፈ» አለ ዳጊ።

ሰው ሁሉ ወንበሩን ገፋ። ሉሊት ግን ከቴሌቪዥኑ ላይ ዐይኗን አልነቀለችም። ካሜራው ሠራተኞቹን አሳየ፤ በኮምፒዩተር ፊት በረድፍ የተቀመጡ ወጣቶች። ራሱን የያዘ የለም። ያለቀሰ የለም። አንዷ ውኃ ትጠጣለች፣ አንዱ ይጽፋል። ከኋላ፣ ለቅጽበት፣ ያቤጽ ታየ። ከስቷል። ግን የከሸፈበት ሰው ፊት አይደለም ያለው፤ የሚያስብ ሰው ፊት ነው። አስተዋዋቂዋም በፈገግታ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ደግመን እንሞክራለን አለች።

ነገ ደግመን። ሉሊት መጀመሪያ ገረማት። ቀጥሎ ተናደደች። ያንን ንዴት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገኛት ነገር ሁሉ ወደደችው፤ የሞተ ሰው ላይ ማንም እንደዚያ አይናደድም።

*

ፓርኪንጉ ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ደወለች። አያነሳም፤ እዚያ ክፍል ስልክ አይገባም። ሳምቡሳው ጉልበቷ ላይ እየቀዘቀዘ ጠበቀች። በመጨረሻ ራሱ ደወለ።

«ሉሊት?» አለ፣ ስሟን እንደሚሰበር ነገር ይዞ።

«ለምን ቆመ?»

ሌላ ነገር ነበር የጠበቀው። ሥራው ግን አፉን ከፈተለት። «አንድ ቫልቭ ላይ ያለ ሴንሰር የማይሆን ቁጥር አነበበ። ቫልቩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳናይ አንለቀውም። ዛሬ ይፈተሻል።»

«ታዲያ ጣላችሁት?»

«ምኑን?»

«ሮኬቱን። እምቢ አለ አይደል?»

ሳቀ። «እምቢ አላለም። ሆልድ ነው፣ ቆይ ማለት ነው። ነገ እንሞክራለን።»

«ነገም ቢቆም?»

«ከነገ ወዲያ።»

«ከዚያስ?»

«እስኪሄድ ነዋ ሉሊት። የምንወደው ሮኬት ነው፤ ቆይ ስላለን ጥለነው ቤታችን እንገባለን?»

«እሺ፣ አባቴ ከሮኬት ያንሳሉ?»

የሞርስ ሮድ መኪና ያልፋል። እሷም አልቆመችም።

«አባዬ ተመለሱ አሉ። ቀን ቆርጠው። ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ ማንም እሺ አይልም፤ ቢል ነው ነውሩ። አንተ ምን አደረግክ? መልካሙን ሁሉ እመኝልሻለሁ ብለህ ፍሎሪዳ ገባህ። ለባንክ እንኳ እንደዚያ አይጻፍም ያቤጽ።»

«እናስብበት ነው ያሉት» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ አገር እናስብበት ያለኝ ሁሉ ተመልሶ አልጠራኝም። ሥራ ስፈልግ፣ ቤት ስከራይ፣ ሁሌ እንደዚያ ነው። በትህትና አይሆንም ማለት ነው። ደግሞ ‘አባቱ ያውቃል ወይ’ አሉ ሲሉኝ፣ የቤተሰባችን ነገር ከበዳቸው ብዬ...»

«አባትህን አክብረው ነው የጠየቁት።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«አልጠየቅክማ።»

«አንቺስ? አንድ ቃል ብትጽፊልኝ። በየቀኑ ስልኬን ሳይ፣ ለብሬክ ስትወጪ እንኳ...» ድምፁ ተቆረጠ። «ዝም ስትዪ፣ አንቺም ከእነሱ ጋ ነሽ ብዬ ነው።»

ይሄኛው እውነት ነበር፤ አመማት። «ፎርክሊፍት ነጂ አትመጥንህም ብለውህ ተስማማህ ብዬ ነው» አለች። «ከምለምንህ ብዬ ዝም አልኩ።»

«አባቴ ምን ትሠራለች አለኝ። እኔ የምፈራውን ሳጥን ሳትፈራ የምታነሳ ናት አልኩት። ከዚያ ዝም አለ፤ እኔም ደግሜ ሳልጠይቀው ሽማግሌ ላክሁ። እሱንም እንደዚያው አደረግሁት፣ አይደል? ዝም ሲል እምቢ አለ ብዬ ሄድኩ።»

ሉሊት ሳምቡሳውን ከጉልበቷ አንስታ ጎኗ ባለው ወንበር ላይ አኖረችው።

«ነገ ነው ቀጠሮው» አለች።

«ሮኬቱም ነገ ነው። በስንት ሰዓት...»

«አንተን ማን ጠራህ? ወንድየው አይመጣም። አንተ ሮኬትህን ጠብቅ። ሽማግሌዎቹን ላክ፤ አባትህንም አናግር። ከዚያ በላይ የምታደርገው የለም።»

«አባቴ እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ ማለታቸውን ከአፋቸው ስማ። አሁንም ገምተህ እንዳትመጣብኝ።»

ስልኩን ዘጋች። መኪናውን አስነሳች። የተሰማት ደስታ አይደለም፤ ለደስታ ገና ነው። ተስፋ ነው።

*

እሁድ የቀጠሮው ሰዓት ትንሽ አለፍ አለ። ጋሼ ግርማቸው ኮታቸውን ለብሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል፤ ድምፁ ጠፍቷል፣ ሮኬቱ ግን እዚያው ቆሞ ይታያል። «እኔ አላይም፣ ዝም ብሎ ነው የተከፈተው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ትንሽ ቆይተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ቀጠሮ ይዞ መቅረት እዚያ ሉዊስ ሴንተር ይቻል ይሆናል።» ሉሊት ጓዳ ሆና ይሄን ሰማች።

በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ የሱፍ ገቡ። ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ገቡ። ከቄሱ ኋላ ሉሊት የማታውቀው፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ የያዘ ረጅም ሰው ገባ። ግን ያ ግንባር፣ ያ እጅ ማጣመር የማን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷ ክንዷን ያዟት፤ ሁለቱም በበሩ ስንጥቅ አዩ።

ሦስቱም ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ ባለቤቱ ነገሩን ሲቀበል ነው ተቀመጡ የሚለው። ወንበሩ በረድፍ ተደርድሮ ማንም አልነካውም።

«ባለፈው የጠየቁንን ይዘን መጥተናል» አሉ ጋሼ የሱፍ። «አባቱን።»

ዶክተር ሰሎሞን ጎንበስ አሉ። «ልጄ ነግሮኝ ዝም አልኩት» አሉ። «በዝምታዬ ውስጥ ንቀት ነበረበት፤ ሰው ቤት ቆሜ አልዋሽም። ትናንት ደወለና ‘አባዬ፣ ስለ እሷ ጠይቀኝ’ አለኝ። ጠየቅሁት። ስለ ሮኬት ሲያወራ ስሰማው ነው የኖርኩት፤ እንደ ትናንቱ ግን አውርቶ አያውቅም። አባትህን አናግር ያለችው እሷ ናት፤ ባትለው ኖሮ ዛሬ እኔ እዚህ አልገኝም ነበር። ላከችኝ ማለት እችላለሁ።»

ጋሼ ግርማቸው ወደ ጓዳው በር ገልመጥ አሉ። ሉሊት ወደ ኋላ ሸሸች። ቁጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አባቷ ግን እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቆዩ እስቲ። ሊሄድ ነው መሰለኝ።»

ድምፁን ከፈቱት። ከሮኬቱ ሥር እሳት ወጣ፤ መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ትንሿ ቴሌቪዥን የማትችለውን ድምፅ ይዞ። ተነሳ። ያን የሚያህል ነገር ሲነሳ አይቸኩልም። ከመሬት ጋር እየተሰነባበተ እንደሚሄድ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ለቀቀ፣ ከዚያ ፈጠነ፣ ከዚያ ነጭ ነጥብ ሆነ። ቄሱ አማተቡ። ጋሼ የሱፍ «ሱብሃናላህ» አሉ። ዶክተሩ ካፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል።

«ልጁ እዚያ ነው?» አሉ ጋሼ ግርማቸው።

«እዚያ ነው።»

«ሥራውን ጥሎ ቢመጣ ኖሮ በሩን አልከፍትም ነበር።»

ላይኛው ክፍል ሳተላይቶቹን ይዞ ቀጠለ። ታችኛው ተመለሰ። ማንም አልተቀመጠም፤ ባለቤቱም ጭምር ቆመዋል። ባሕሩ ታየ፤ መርከቡ በሰማያዊው ላይ እንደ ወደቀች መሃረብ ትንሽ ሆኖ ታየ። ሉሊት አፏን በመዳፏ ያዘች። እሳቱ እንደገና በራ፣ እግሮቹ ተዘረጉ፣ ጭሱ ሁሉንም ሸፈነው። አሁን ሰጠመ ወይስ ቆመ የሚያውቅ የለም። ጭሱ ገለል ሲል ሮኬቱ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል፣ ተለብልቧል፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እዚያ ፍሎሪዳ ያሉት ወጣቶች ተቃቅፈው እያለቀሱ ነው።

ዶክተር ሰሎሞንም እያለቀሱ ነው። ሊደብቁት ሞክረው አቃታቸው። ጋሼ ግርማቸው አዩአቸው፤ ሉዊስ ሴንተርን አላዩም፣ ዶክተርነቱን አላዩም፤ ልጁ ሩቅ አገር ሆኖ የተሳካለት አባት አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ።

ወንበሮቹ ተንቋቁ። እትዬ ጽጌረዳ እልልታቸውን እስከ ከንፈራቸው አምጥተው በነጠላቸው ያዙት፤ ሰዓቱ ገና ነው። ልጃቸውን ግን እንዳልያዟት ሁሉ ለቀቋት፣ መልሰው ደግሞ ጠበቅ አድርገው ያዟት። ፍሎሪዳ ሩቅ ነው። እናት ይሄን የምታሰላው በደስታዋ መሃል ነው።

ሉሊት በጓሮ በር ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ጠራ። ከጀርባው ሰው ይጮኻል፣ ይስቃል፣ የሚከፈት ጠርሙስ ይሰማል። እሱ ግን ያንን ሁሉ ጥሎ ጥግ ይዟል።

«አየሁት» አለችው። «ቆመ።»

«ቆመ» አለ። ድምፁ ጎርንኗል። «ሉሊት፣ እዚያስ? ምን አሉ?»

«ተቀመጡ አሏቸው።»

የድሮው ያቤጽ ቢሆን ይሄኔ ገምቶ ጨርሶ ነበር። ከወዲያ በኩል ትንፋሹን ብቻ ሰማች፤ የሚፈራ ሰው ትንፋሽ ነበር።

«ተቀመጡ ማለት ምን ማለት ነው?» አላት። «እኔ አላውቅም። አንቺ ንገሪኝ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልወጣው እንባ አሁን ሁሉንም ቃል ይዞ ወጣ። እንዲህ ተብሎ መጠየቅ ከእቅፍ እንደማያንስ እስከዛሬ አታውቅም ነበር። ከሩቅ ጓደኞቹ ስሙን እየጠሩ ና ይሉታል። አልሄደም። ስልኩን ይዞ፣ አንድ ቃል ሳይገምት፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቃት።